ሩቲልያ ወረፋ የያዘችበት ዓርብ

ያ ዓመት ጃካራንዳው ከወትሮው ቀድሞ ያበበበት ዓመት ነበር። የሃላትላኮ ሰፈር መንገዶች ሐምራዊ አበባ ለብሰው፣ መጥረጊያ የያዘች ሴት ሁሉ ጧት ጧት እየተራገመች ትጠርጋለች፤ ጠርጋ ሳትጨርስ መልሶ ይረግፍባታል። ሩቲልያ ግን አትራገምም። ጾም ነዋ። ጾሙ ሲገባ ግንባሯን አመድ ከተቀባችበት ረቡዕ ጀምሮ አንድ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ይህን የምታውቀው በግምት አልነበረም። በየቀኑ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ማሰሮ ውስጥ አንድ የበቆሎ ፍሬ ትጥላለች። ቀኑ ደህና ከዋለ ነጭ፣ ያጠፋችበት ከሆነ ጥቁር። ዘዴውን ከእናቷ ነው የወረሰችው። ሩቲልያ ከስሟና ከልጇ ስም በቀር መጻፍ አትችልም፤ ፍሬው ግን አይዋሽም። የጾሙ እኩሌታ ሲደርስ ማሰሮዋን ገልብጣ ነፍሷ የት እንደደረሰች ታያለች፤ ከዚያ ለንስሐ ትሄዳለች። ባሏ ኤላድዮ በሞተ ዓመት ሰባት ጥቁር ወጥቶባት አልቅሳለች። ሌላ ዓመትም ሦስት፣ አራት አይጠፋም ነበር።

ዘንድሮ እኩሌታው በደረሰበት ረቡዕ ማሰሮውን መሐረብ ላይ ስትገለብጠው ሃያ አንድ ፍሬ ወጣ። ሃያ አንዱም ነጭ። ደግማ ቆጠረች። በጣቷ እያገላበጠች ጥቁር ፈለገች፤ የለም። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ጾም በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። መሐረቡን ቋጥራ፣ ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አበልጇ ኮንራዳ ቀድማት ተቀምጣ ነበር። ኮንራዳ የሩቲልያ አንድ ልጅ የፌርሚን የክርስትና እናት ናት፤ አፏ ግን በጾምም አያርፍም።

"ምንድን ነው የቋጠርሽው? ለአባ ቆሎ ልታቆዪላቸው ነው?"

"አይመለከትሽም፣ አበልጄ።"

"ኧረ ይመለከተኛል። ዛሬ የምናዘዘው ኃጢአት ባጣ ከአንቺ ልዋስ ብዬ ነው የጠበቅኩሽ።"

"ከእኔ አታገኚም።"

"ውይ!" አለች ኮንራዳ አፏን በእጇ ይዛ። "በይ ይህችኑ አስቀድመሽ ተናዘዢያት።"

አባ ሴሌሪኖ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በጾም የሚያናዝዙት ብርቱካኑ ዛፍ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሩቲልያ ከጎናቸው ተቀምጣ መሐረቡን ፈታች።

"ሃያ አንድ ነው፣ አባ። ሁሉም ነጭ።"

አባ ጎንበስ ብለው አዩ። አንዷን ፍሬ አንስተው የከበረ ድንጋይ እንደሚያይ ሰው ወደ ፀሐይ ያዟት።

"የእኔ ማሰሮ ቢሆን ጠቁሮ ነበር" አሉ። "እስቲ ንገሪኝ፣ ልጄ፤ አንድ ቀን ነጭ እንዲባልልሽ ምን ሆኖ መዋል አለበት?"

"ሥጋ ያልቀመስኩበት፣ ቸኮላት ያልጠጣሁበት፣ ሰው ያላማሁበት። አንድ ነገር ደግሞ ለሰው የሰጠሁበት።"

"በየቀኑ ትሰጫለሽ?"

"በየቀኑ። ባለፈው እሁድ እንኳ ምራቴ የሽሪምፕ ሾርባ ሠርታ አመጣችልኝ። እሁድ መብላት እችል ነበር፤ እርስዎ ያውቁታል። ግን ሳልቀምሰው እንዳለ ወስጄ ለዚያ ለዓይነ ስውሩ ጎረቤቴ ሰጠሁት። ለዚያ ቀንማ ሁለት ነጭ ልጥል አስቤ፣ ማጭበርበር እንዳይሆንብኝ ተውኩት።"

"ምራትሽ ምን አለች?"

"ምን ትላለች? ሳህኗን አጠበች።"

አባ ሴሌሪኖ ፍሬዋን መሐረቡ ላይ መለሷት። ከዛፉ አንዲት ወፍ ተነስታ በረረች።

"ለአንቺስ ማን ምን ሰጠሽ? በእነዚህ ሃያ አንድ ቀኖች።"

"ለእኔ? እኔ ምንም አይጎድለኝም፣ አባ። የምሰጥ ነኝ።"

"የጎደለሽን አልጠየቅኩሽም። የተቀበልሽውን ነው።"

ሩቲልያ አሰበች። የመጀመሪያውን ሳምንት አሰበች፣ ሁለተኛውን አሰበች። አንድ እንኳ አልመጣላትም።

"የዓርቡን ውሃ ስትቀጂ ስንት ዓመት ሆነሽ?" አሉ አባ።

"ሠላሳ አንድ።"

በጾሙ አራተኛ ዓርብ፣ ሳምራዊቷ ሴት ጌታን ጉድጓዱ ዳር ያገኘችው ሲታሰብ፣ በከተማው ደጃፍ ሁሉ ጋን ይወጣና የጣፈጠ ውሃ ለአላፊ አግዳሚው በነጻ ይታደላል። የሩቲልያ ጠረጴዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ነው። የእሷ ውሃ ቺላካዮታ ከሚሉት አረንጓዴ ዱባ የሚሠራ ነው፤ ከጥቁር ስኳር፣ ከቀረፋና ከአናናስ ልጣጭ ጋር ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ክር ክሩ ዱባ በውስጡ እየተንሳፈፈ በቅል ይሰጣል። ለእሱ ሲሉ ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ነበሩ።

"በወንጌሉ ጌታ ሴትዮዋን ምን አላት?"

"ውሃ አጠጪኝ።"

"አየሽ፣ የለመነው እሱ ነው። ሁሉ በእጁ ያለ፣ ላቡን እየጠረገ ለመነ። የአንቺም የዘንድሮ ንስሐ ይህ ነው፤ ዓርብ ጭልፋውን ለምራትሽ ስጪ። አንቺ ከሰው ጋር ወረፋ ያዢ። ስትደርሺ አፍሽን ከፍተሽ ለምኛት። ዝም ብለሽ ቅል ብትዘረጊ አይቆጠርም።"

ሩቲልያ ደንግጣ ቀና አለች። "ሌላ ይስጡኝ፣ አባ። በጉልበቴ ከደጁ እስከ መሠዊያው ልሂድ። ሦስት ጊዜ ልሂድ።"

"ጉልበትሽን ምን አደርገዋለሁ" አሉ አባ ሴሌሪኖ፤ ባረኳትና ኮንራዳን ጠሩ።

ሩቲልያ ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ ከብዷት ነበር። ለምና አታውቅማ። አይ፣ አንድ ጊዜ ለምናለች። ስምንት ዓመቷ ሳለ እናቷ ታማ ተኝታ፣ የአባቷ አክስት ቪክቶሪና ዘንድ አንድ ቁና በቆሎ እንድትጠይቅ ተላከች። ቪክቶሪና ባለ ትልቅ ግቢ ነበረች። "ምሳ ላይ ነን፣ ትጠብቅ" አስባለቻት። ሩቲልያ ውሾቹ በታሰሩበት በኩል ፀሐይ ላይ ቆመች። ምሳው አለቀ፣ ፍራፍሬ ቀረበ፣ ከፍራፍሬው በኋላ ጨዋታ መጣ። ልጅቱ የሳህኑን ኳኳታና የሰዎቹን ሳቅ እየሰማች ቆመች። በመጨረሻ በቆሎውን ሰጧት፤ ሰጡና "ለእናትሽ ሁለተኛ እንዳትልክ በያት" አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሩቲልያ ከማንም ምንም አልጠየቀችም። የኤላድዮን የሬሳ ሣጥን እንኳ የቤተ ክርስቲያን ጨርቅ አጥባና ተኩሳ ባጠራቀመችው ነው የገዛችው።

ኔሬይዳ፣ ምራቷ፣ የቆላ ሰው ናት፤ ከባሕሩ ወገን። እዚያ ሴቱ ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሲስቅም ጎረቤት ይሰማል። ወደዚህ ቤት ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ስትስቅ ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ በኋላ ሳቋ ከበር ውጭ ቀረ፤ ገበያ ስትሄድ ነው የምትስቅ።

ሐሙስ ጧት ኔሬይዳ ግቢ ስትጠርግ ሩቲልያ ደረጃው ላይ ቆመች። የምትለውን ሌሊቱን ሙሉ ስታዘጋጅ አድራለች፤ ሲወጣ ግን ትእዛዝ ሆኖ ወጣ።

"ነገ ጭልፋውን አንቺ ያዢ።"

ኔሬይዳ መጥረጊያዋን አቆመች። "የቱን ጭልፋ?"

"የዓርቡን። ውሃውን አንቺ ሥሪው፣ አንቺው ቅጂ።"

"አሞዎታል እንዴ፣ እማማ?"

"አላመመኝም።"

"እንዴት አድርጌ ልሥራው? ስኳሩን ስንት፣ ቀረፋውን መቼ..."

ሩቲልያ አፏን ከፈተች። ሠላሳ አንድ ዓመት የያዘችው ሙያ ምላሷ ላይ መጣ። መልሳ ዋጠችው። "እንደ ልብሽ" አለች።

"እንደ ልቤ?" ኔሬይዳ ዞር ብላ ወደ ውስጥ ጮኸች፤ "ፌርሚን! ና ቶሎ! እናትህን ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው!"

ፌርሚን በአንድ እግሩ ጫማ አድርጎ ወጣ። ሁለቱንም አያቸው፤ ምንም አልገባውም፤ ተመልሶ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ሩቲልያ በጓዳዋ የመሠዊያውን ነጭ ጨርቅ ትተኩስ ነበር። ካውያውን ስትገፋ ከወጥ ቤቱ ቸክ፣ ቸክ የሚል ድምፅ ሰማች። ቢላ ነው። ቺላካዮታ ደግሞ በቢላ አይቆረጥም፤ ድንጋይ ወለል ላይ ይጣልና ይፈረጣል እንጂ። ብረት የነካው ይመራል፣ የሩቲልያ አማትም እንዲህ ይሉ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እሷ ራሷ ቢላ አንስታ እጇን ተመትታለች።

ቸክ፣ ቸክ።

ካውያውን ጨርቁ ላይ እንዳለ ይዛ ቆመች። እንደ ልብሽ ብለሻታል፣ አለች ለራሷ። ሐሳቧን ለማስቀየር ነጫጭ ቀኖቿን አንድ በአንድ ታስታውስ ጀመር። የመጀመሪያው ሐሙስ፤ የታጠበውን ጨርቅ ተሸክማ ስትወጣ ኔሬይዳ "ልያዝልዎት" ብላት ነበር፤ "ተይው፣ ራሴ እይዘዋለሁ" አለቻት። ነጭ። ሁለተኛው ሳምንት፤ ኔሬይዳ ለእግሯ ሕመም ሞቅ ያለ ውሃ በጨው አምጥታ ነበር፤ "ለፌርሚን ስጪው፣ እሱ ነው ቆሞ የዋለው" አለቻት። ነጭ። ኔሬይዳ ያመጣችላት ሰማያዊ ሻርፕ፣ ከገበያ የመጣው የበሰለ ማንጎ፤ ሁሉንም ለሰው ሰጥታ ለሁሉም ነጭ ጥላለች። አባ ማን ምን ሰጠሽ ሲሏት ምንም ያጣችው ለዚህ ነው፤ እጇ ሳይደርስ ወደ ሌላ እያሳለፈችው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህች ልጅ ስንት ጊዜ ሳህን ይዛ በሯ ላይ ቆማ ይሆን? ሩቲልያ ከቪክቶሪና ግቢ ሌላ፣ ፀሐይ ላይ የሚያቆም ግቢ መኖሩን አስባ አታውቅም ነበር።

የሚቃጠል ነገር ሸተታት።

"እማማ፣ ጨርቁ!" ኔሬይዳ ቢላዋን እንደያዘች ሮጣ ገብታ ካውያውን አነሳች። ጨርቁ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቡናማ ምልክት ወጥታለች። "ምንም አይደል፣ ይለቃል። ሎሚ አሽቼ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ። እኔ ላድርገው?"

"ተይው፣ ራሴ..."

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የነቃችው። ኔሬይዳ ግን ጨርቁን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጥታለች። ቢላው እንደገና ቸክ፣ ቸክ ማለት ጀመረ። ሩቲልያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻቸው። ያን ቀን ማሰሮው ውስጥ ምንም አልጣለችም፤ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚጣል አላወቀችም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጠረጴዛው ወጣ። ሸምበቆ ቆልምመው ቅስት ሠሩለት፤ አበባ አሰሩበት፤ ጋኖቹን እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀመጡ። የሠፈሩ ቆነጃጅት በጥልፍ ቀሚስ ተውበዋል። እኩለ ቀን ሲሆን ደወሉ ተደወለና ቀጂው ሁሉ ጭልፋውን ነከረ። ከከርከዴው፣ ከሩዝ ውሃው፣ ከሎሚው ጠረጴዛ ሰው ይግተለተላል። ተማሪው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ሚዜ የሚመስል ሱፍ የለበሰ ሰው፣ ሁሉም ቅል ይዞ ይስቃል።

ሩቲልያ በራሷ ጠረጴዛ ፊት፣ ከአሥራ ስድስት ሰው ኋላ ቆመች።

"እትዬ ሩቲልያ!" አለች አንዲት ጎረቤት። "ምነው ተሳሳቱ? የእርስዎ ቦታ ወዲያ ነው!"

"ከሥራ ተባረረች" አለች ኮንራዳ፣ የሩዝ ውሃዋን እየጠጣች። "ልብ በሉ፣ ዛሬ እንደ ሰው ጠምቷታል።"

ሰው ሳቀ። ሩቲልያ ነጠላዋን አስተካከለች። ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው። አሥር ሰው ቀረ፣ ሰባት ሰው ቀረ። ኔሬይዳ ከጠረጴዛው ወዲያ እጅጌዋን ሰብስባ ትቀዳለች፤ ለሁሉም አንድ ነገር ትላለች፤ ትስቃለችም፣ ያ የድሮው ሳቅ። ሦስት ሰው ሲቀር ለሩቲልያ የሳህን ኳኳታ የሰማች መሰላት። ድንገት ከወረፋው ወጥታ ወደ ግንቡ ጥላ ሄደች።

እዚያ ቆማ ተነፈሰች። ቤት ልትሄድ ትችላለች። አባ ሴሌሪኖ አያዩዋትም፤ ማንም አይጠይቃትም። ፋሲካም እንዲሁ ይመጣል፤ ነጩ ጨርቅ መሠዊያው ላይ ይነጠፋል። ኔሬይዳም ሳህኗን እያጠበች ትኖራለች። ይህን ስታስብ ነው እግሯ የተመለሰ። ቦታዋን አላገኘችም፤ ወረፋው ረዝሟል። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመች፤ አሁን ከሃያ ሰው ኋላ ናት።

ስትደርስ ኔሬይዳ አላየቻትም ነበር። "ቀጣይ!" ብላ ጭልፋውን ከጋኑ አወጣች፤ እጆቹን አወቀቻቸው፤ ቀስ ብላ ቀና አለች። ሳቋ ፊቷ ላይ ቀዘቀዘ።

"ሊቀምሱት ነው የመጡት?" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ወዲያና ወዲህ አየች። "እማማ፣ በማርያም፣ ቤት ስንገባ እንደፈለጉ ይንገሩኝ። ሰው ፊት አያዋርዱኝ።"

ሩቲልያ ብዙ ነገር ጠብቃ ነበር፤ ይህን ግን አልጠበቀችም። ልጅቱ ከያዘችው ጭልፋ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

"ልቀምስ አይደለም" አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። "ጠምቶኝ ነው። አጠጪኝ፣ ልጄ።"

ኔሬይዳ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ቅሏን ተቀብላ እስከ አፉ ድረስ ሞላችው፤ የዱባውንም ክር ከታች አውጥታ ጨመረችላት። በሁለት እጇ ይዛ አቀበለቻት።

ሩቲልያ ጠጣች። መጀመሪያ ምሬቱን ፈለገች፤ ልማድ ነው። ቢላ የነካው ዱባ የት አለ? አላገኘችውም። ኮኮናት አገኘች፤ ትንሽ ዝንጅብልም ነገር፣ እሷ አስባው የማታውቀው። ስኳሩ በዝቷል። ቀዝቃዛ ነው። ግማሽ ላይ ስትደርስ መፈለጓን ተወች፤ እውነትም ጠምቷት ነበርና። እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨልጣ፣ ዱባውን በጣቷ አውጥታ በላች። አገጯ ላይ የፈሰሰውን ጠረገች።

"እትዬ፣ እኛም አለን!" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ሩቲልያ አልተነቃነቀችም። ቅሉን እንደገና ዘረጋች።

"ድገሚኝ" አለች።

"ኧረ! ደግሞ ሁለተኛ!" ጮኸች ኮንራዳ ከወዲያ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ለእኛ አንድ አንድ ቅል ብቻ ስትሰጠን ኖራ!"

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ኔሬይዳ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ዓይኗ ሞልቷል፤ አልቻለችም፣ እሷም ሳቀች። የመስኮቱን እርግብ የሚያስበረግገው ሳቅ። ጭልፋዋን ወደ ወረፋው መጨረሻ ቀሰረች።

"ሁለተኛ የፈለገ ወረፋ ይያዝ፣ እማማ። ሕጉ የእርስዎ ነው።"

"እውነትሽን ነው" አለች ሩቲልያ፤ ሄደችም።

ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመች። ከፊቷ ያለው ግንበኛ ነው፤ ሸሚዙ ኖራ ብቻ ነው። ዞር ብሎ አያት።

"እርስዎ ቅድም የጠጡት አይደሉም? ምን ምን አለበት ውሃው?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች ሩቲልያ። "ጠይቃት፤ ትነግርሃለች።"